ሳይፈጸም የቀረ ሥራ እንደ ተፈጸመው ልብ ያጠግባልን?

በየቤቱ አሮጌ ሣጥን ተከፍቶ ዕቃ ሲፈተሽ፥ አንድ ሳይፈጸም የቀረ ነገር ሳይገኝ አይቀርም። ካንዱ ቤት አያት የጀመሩት ጥልፍ ከነመርፌው ተጠቅልሎ ይወጣል። ካንዱ ቤት አባት የቤተ ሰቡን ታሪክ መጻፍ ጀምረው ከእኩሌታው ላይ ያቋረጡት ደብተር ይገኛል። ካንዱም ቤት ብራናው ተፍቆና ተሰምሮ፥ ጽሕፈቱ ግን ከጥቂት ጥራዝ በኋላ የቆመ መጽሐፍ ተቀምጦ ይታያል። ይህን ጊዜ በቤተ ሰቡ መካከል ክርክር ይነሣል። አንዱ፥ እጀ ብልህ ሰው ፈልገን እናስፈጽመው ይላል። ሁለተኛው፥ የሟች እጅ የነካውን ሌላ እጅ አይንካው ይላል። ሦስተኛውም፥ ያልተፈጸመ ነገር ምን ይረባል፥ ሣጥኑን ከሚያጣብብ ይውጣ ይላል።

ይህ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት የቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። መሠረቱ ሲመረመር ግን ታላላቅ ሊቃውንትና ነገሥታት፥ መጽሐፍ አታሚዎችና የሙዚቃ ሰዎች ብዙ ዘመን የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። ጥያቄውም፥ ሠሪው ሳይፈጽመው የቀረ የጥበብ ሥራ ለሚያየውና ለሚሰማው ሰው እንደ ተፈጸመው ሥራ ደስታ ይሰጣልን፥ ወይስ አይሰጥም? የሚል ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ይህንኑ ጥያቄ በታወቁ ምሳሌዎች እየደገፍን እንመርምረው። ስለ ውጭ አገር ሰዎች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አስቀድመን ፍጻሜ ይበልጣል ለሚለው ሰው ተገቢውን ፍርድ እንስጠው። እኛ ከቀለምና ከወረቀት ጋራ የምንውል ጸሐፊዎች፥ ፍጻሜ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በየቀኑ እናያለን። አንድ ደብዳቤ ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን፥ ቀን ካልተጻፈበትና ማኅተም ካልተመታበት የሚታዘዝለት ሰው የለም። ጣራ ያልተከደነ ቤትም ግድግዳው ምንም ቢያምር ዝናም አይከለክልም። በቅኔ ቤትም ሕጉ እንዲሁ ነው። ጉባኤ ቃና በ2 ቤት፥ መወድስም በ8 ቤት ይፈጸማል። ተማሪው በ7ኛው ቤት ላይ ቢቆም፥ ሰሙና ወርቁ እንደ ምን ቢያበራ መምህሩ መወድስ ተቀኘህ አይለውም። እንደዚህ ያለው ሥራ ደስታውም ሆነ ጥቅሙ በመጨረሻው ላይ የተንጠለጠለ ነውና፥ መጨረሻው ሲጐድል ሁሉ ይጐድላል።

ልጆች በማታ እሳት ከበው እንቆቅልሽ ሲጫወቱ፥ መላሹ ያቃተው እንደ ሆነ አገር ይሰጥና ጠያቂው ፍቹን ይነግረዋል። አገሩን ተቀብሎ ፍቹን ሳይናገር ተነሥቶ የሚሄድ ልጅ ቢኖር፥ ጓደኞቹ እንዴት አድርገው እንደሚቈጡት የታወቀ ነው። የእንግሊዝ አገር ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ሳይወድ በአንባቢዎቹ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1870 ዓ.ም. ኤድዊን ድሩድ የሚባል ወጣት የጠፋበትን ምስጢር የሚተርክ ልብ ወለድ በየወሩ እየከፈለ ማሳተም ጀመረ። ሥራው በ12 ክፍል እንዲፈጸም ታስቦ ነበር። ነገር ግን ዲክንስ በሰኔ 9 ቀን በድንገት ሞተና፥ ለመታተም የበቃው 6 ክፍል ብቻ ሆነ። ወጣቱ ተገድሎ እንደ ሆነ፥ የገደለውም ማን እንደ ሆነ፥ ደራሲው በገዛ ቃሉ ሳይገልጸው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች የየራሳቸውን መጨረሻ ጽፈውለታል፤ አንዱም ግን የዲክንስ ቃል ሆኖ አልተቈጠረም። መጽሐፉ ውብ አንቀጾች አሉት፤ አንባቢውም ያደንቃቸዋል። ሆኖም የምስጢር ታሪክ እንቆቅልሽ ነውና፥ ፍች የታጣለት አንባቢ አገሩን ሰጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰውን ልጅ ይመስላል።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ለፍጻሜ ያደላ ይመስላል። ነገር ግን የሚከተለውን ደግሞ እንስማ።

ፍራንዝ ሹበርት የሚባል የቪየና ከተማ የዜማ ደራሲ ነበረ። በ1822 ዓ.ም. የ25 ዓመት ወጣት ሳለ ሲምፎኒ የሚባለውን የታላቅ ኦርኬስትራ ዜማ ጀመረ። በዚያ ዘመን ሥርዓት ሲምፎኒ 4 ክፍል ሊኖረው ይገባ ነበር። ሹበርት ሁለቱን ክፍል አጣርቶ ፈጸመ፤ ሦስተኛውን ነድፎ ጥቂት ገጽ ብቻ ለኦርኬስትራ ጻፈለትና ተወው። ለምን እንደ ተወው ሊቃውንት ልዩ ልዩ አሳብ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ቈይቶ፥ ሌላ ብዙ ሥራ ሠርቶ፥ በ1828 ዓ.ም. በ31 ዓመቱ ሞተ። የዜማው ጽሕፈት አንሰልም ሁተንብሬነር በሚባል ወዳጁ እጅ ነበረና፥ በሣጥን ተዘግቶበት ብዙ ዘመን ኖረ። ያደባባይ ሰው የሰማው ከተጻፈ ከ43 ዓመት በኋላ፥ በታኅሣሥ 17 ቀን 1865 ዓ.ም. በቪየና ነው። በዚያም ቀን ዮሐን ሄርቤክ የተባለው የኦርኬስትራው መሪ፥ ዜማው ያለ መጨረሻ እንዳይቀር ብሎ ሹበርት በወጣትነቱ ከጻፈው ከሌላ ሲምፎኒ የመጨረሻውን ክፍል አምጥቶ ቀጠለበት።

ታዲያ ዘመን ምን ፈረደ? ያ የተቀጠለው ክፍል ተትቶ፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሰማው ሁለቱ ክፍል ብቻ ነው። ስሙም ያልተፈጸመው ሲምፎኒ ይባላል። ስሙ ጐደሎነቱን እየመሰከረበት፥ ከተፈጸሙት ከብዙዎቹ ይልቅ ይወደዳል። ሰሚው ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ጸጥታ ሲወርድ፥ የጐደለብኝ አለ ብሎ አያጕረመርምም፤ ጠግቦ ይነሣል።

በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ሁለቱም ሥራዎች ታላላቅ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው፤ ሁለቱም ከመንገድ ቀሩ። ልዩነቱ በሥራው ጠባይ ላይ ነው። የዲክንስ መጽሐፍ ለአንባቢው ተስፋ ሰጥቷል፤ እያንዳንዱ ገጽ፥ ቈይ፥ ኋላ ትረዳዋለህ ይላል። ስለዚህ መጨረሻው ሲቀር ያለፈውም ገጽ ሁሉ ባለ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የሹበርት ዜማ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መነሻና ማረፊያ አለው። ያለው ሁሉ በራሱ ሙሉ ነው፤ የጐደለው ያልተጨመረው ብቻ ነው። ይህንንም በምግብ ብንመስለው፥ ከግብዣ ላይ ሁለት ወጥ ቀርቦ ሦስተኛው ቢቀር እንግዳው ጠግቦ ይሄዳል፤ ወጡ ሁሉ ከምድጃው ላይ ጥሬ ሳለ እሳቱ ቢጠፋ ግን ድስቱ ምንም ቢበዛ እንግዳው ጦሙን ያድራል።

ሦስተኛ ምሳሌ እንጨምር። በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ አካዴሚያ በሚባለው ቤት ውስጥ፥ ሚኬላንጀሎ ከእብነ በረድ መቅረጽ ጀምሮ የተዋቸው 4 የእስረኞች ምስሎች ቆመዋል። ከድንጋዩ ውስጥ ያንዱ ደረት፥ ያንዱ ጕልበት፥ ያንዱ ትከሻ ወጥቶ ይታያል፤ የቀረው አካላቸው ገና በድንጋዩ ውስጥ ተቀብሮ አለ። የመሮው ፈለግ በላያቸው ላይ በግልጽ ይነበባል። ተመልካች በፊታቸው ሲቆም፥ ሰዎቹ ከድንጋዩ እስራት ለመውጣት የሚታገሉ ይመስለዋል። ተፈጽመው ተወልውለው ቢሆኑ ኖሮ ይህ ትግል በዚህ ዓይነት ባልታየም ነበር። በተፈጸመ ሥራ ላይ የምናየው ውጤቱን ነው፤ ባልተፈጸመው ላይ ግን ጌታው ሲሠራ እናየዋለን። ይህም የራሱ የሆነ ደስታ አለው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሳንመረምር ማለፍ የማይገባን ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ምስሎች የታሰቡት ለጳጳስ ዩልዮስ 2ኛ መቃብር ነበር። ሥራው ለሚኬላንጀሎ የታዘዘው በ1505 ዓ.ም. ነው። ጳጳሱ በ1513 ዓ.ም. ሞቱ፤ ወራሾቻቸውም ውሉ ይፈጸምልን እያሉ ብዙ ዓመት ተከራከሩት። ውሉ ደጋግሞ ታደሰ፤ መቃብሩም ደጋግሞ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ በ1545 ዓ.ም. የሙሴ ምስል ያለበት፥ ከመጀመሪያው አሳብ እጅግ ያነሰ መቃብር በሮም ቆመ። ሚኬላንጀሎ በ1564 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ 4ቱን እስረኞች የወንድሙ ልጅ ለፍሎረንስ መስፍን ለኮሲሞ ሰጣቸው፤ ብዙ ዘመንም በአትክልት ቦታ ዋሻ ውስጥ ኖረው በ1909 ዓ.ም. ወደ አካዴሚያ ገቡ። እንግዲህ እናስተውል። እኛ ዛሬ የምንደሰትባቸው ምስሎች ለዩልዮስ ወራሾች የደስታ ሳይሆን የሙግት ምክንያት ነበሩ። እኛ ምንም አልከፈልንም፤ ምንም ቃል አልተገባልንም፤ ስለዚህ ያለውን ብቻ አይተን እንረካለን። ገንዘብ የከፈለና ቃል የተገባለት ሰው ግን ያልተፈጸመ ሥራ ዕዳ ነው። ስለዚህ ጅምር ሥራ ያጠግባልን? ተብሎ ሲጠየቅ፥ ማንን? ብሎ መጠየቅ የመልሱ እኩሌታ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሸጋገር። ሠሪው ሞቶ ሥራው ከመንገድ ቢቀር ሌላ ሰው ሊፈጽመው ይገባልን? ይህ ነገር የቤተ ሰብን ኑሮ ምን ያህል እንደሚነካ ከሞዛርት ሚስት ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ አናገኝም።

በ1791 ዓ.ም. ኮንት ቫልዜግ የተባለ መኰንን ወጣት ሚስቱ ሞታበት ነበርና፥ ስሙን ሠውሮ በመልእክተኛ አማካይነት ለሞዛርት የፍትሐት ዜማ አዘዘ። ከዋጋውም ከፊሉን አስቀድሞ ከፈለ። ሞዛርት ሥራውን ሳይፈጽም በታኅሣሥ 5 ቀን በዚያው ዓመት በ35 ዓመቱ ሞተ። ፈጽሞ ያለቀለት የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነበር። የሌሎቹ ብዙዎቹ ክፍሎች የዘማሪዎቹ ድምፅና የመሠረቱ ዜማ ተጽፎ የቀረው ባዶ ነበር። ስለ ዕንባ ቀን የሚናገረው ክፍል 8 የዜማ ልክ ብቻ ተጽፎለት ቆሟል። ባለቤቱ ወይዘሮ ኮንስታንሴ የ7 ዓመት ልጅና ገና 5 ወር ያልሞላው ሕፃን ታቅፋ፥ ብዙ ዕዳ ቀረባት። ዜማው ካልተፈጸመ የቀረው ዋጋ አይከፈልም፤ የተከፈለውም ይመለስ የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድማ አይብለር ለሚባል ሊቅ ሰጠችው፤ እርሱም ጥቂት ሠርቶ መለሰው። ከዚያም ከሞዛርት ጋራ ይሠራ የነበረው ዙስማየር ተቀብሎ በ1792 ዓ.ም. ፈጸመው። ኋላም በ1800 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፥ ከመጨረሻዎቹ ክፍሎች ሦስቱን እርሱ ራሱ እንደ ደረሳቸው ገለጸ።

በዚህች እናት ላይ ማን ይፈርድባታል? እኛስ አንፈርድባትም። ልጅ የሚበላው እንጀራ ከሥነ ጥበብ ክርክር ይቀድማል። ነገር ግን በጸሐፊ ዓይን ስናየው አንድ ነገር ያሳስበናል። ለኮንቱ በተላከው ጽሕፈት ላይ ዙስማየር የሞዛርትን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞበታል፤ ከፊርማውም አጠገብ የ1792 ዓመት ተጽፎበታል። ሞዛርት ግን ከዚያ ዓመት በፊት ሞቶ ነበር። ሙት የፈረመበት ጽሕፈት በማናቸውም ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ የሚያመጣው ጣጣ የታወቀ ነው። ዛሬም ድረስ የሙዚቃ ሊቃውንት የትኛው ማስታወሻ የሞዛርት፥ የትኛው የዙስማየር እንደ ሆነ ለመለየት ይደክማሉ። ጥፋቱ በመፈጸሙ አይደለም፤ የሁለቱ እጅ ድንበር በመሰወሩ ነው። ዙስማየር ባይፈጽመው ኖሮ ምናልባት ዓለም ይህን ዜማ በአደባባይ ባልሰማውም ነበር። ስለዚህ ምስጋናም ወቀሳም ባንድነት ይገባዋል።

ከዚህ የተለየ መንገድ ደግሞ የሮማው ንጉሥ አውግስጦስ አሳይቷል። ባለ ቅኔው ቨርጂል አኔይድ የሚባለውን የሮማውያን ታላቅ ግጥም 11 ዓመት ደክሞበት፥ ለማረምም ሌላ 3 ዓመት ሊጨምር አስቦ ሳለ፥ ከጌታችን ልደት በፊት በ19 ዓመት በብሪንዲዚ ሞተ። በጥንት ጸሐፊዎች እንደ ተነገረው፥ ባለ ቅኔው ሥራው ሳይታረም ለሰው እንዳይደርስ ፈልጎ እንዲቃጠል ተናዞ ነበር። ንጉሡ ግን ኑዛዜውን ሽሮ፥ ቫርዮስና ቱካ ለሚባሉ ለቨርጂል ወዳጆች አስረከበውና፥ ከራሳቸው ምንም ሳይጨምሩ እንዲያወጡት አዘዛቸው። እነርሱም እንደ ታዘዙት አደረጉ። በግጥሙ ውስጥ ከ50 የሚበልጡ እኩሌታ ብቻ የተጻፈላቸው ስንኞች ነበሩ። እንዲሁ እንደ ጐደሉ ተዋቸው፤ እስከ ዛሬም እንደ ጐደሉ ይነበባሉ። በ1428 ዓ.ም. ማፌዎ ቬጂዮ የተባለ ኢጣልያዊ 13ኛ መጽሐፍ ጽፎ ጨመረበት። በዘመኑ ተወዶለት ነበር፤ ዛሬ ግን ከሊቃውንት በቀር የሚያነበው የለም። የቨርጂል ጐደሎ ስንኞች ግን አሁንም ከነጐደሎነታቸው ይጠናሉ።

ይህን ያየ ሰው፥ እንግዲያማ የሌላ ሰው ሥራ ከቶ መፈጸም አይገባም ብሎ ሊፈርድ ይቻለዋል። እንዲህም ብሎ እንዳይፈርድ ባገራችን የተደረገ አንድ ታላቅ ሥራ ምስክር ይሆናል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ነበር። ሥራው ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃ አልሆነምና፥ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ተላለፈ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሁሉ ደክመውበት፥ እርሳቸውም መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩት በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ወደ ሦስተኛው ሰው፥ ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ተሻገረ። እርሳቸውም ሥራውን ለፍጻሜ አብቅተው በ1948 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ተብሎ በአዲስ አበባ ታተመ። በመጽሐፉም ላይ የመምህሩ ስም አልተሰወረም፤ ተማሪው የመምህሩን ሥራ የራሱ አላደረገውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ለአንዱ የከበደው ሸክም ለሦስት ትውልድ ጌጥ ሆነ።

ይህስ ለምን ተሳካ? መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የሚሄድ ሥራ ነው፤ መንገዱ የታወቀ ነው። ደቀ መዝሙሩም ከመምህሩ አፍ የሰማ፥ ሕጉን ያወቀ ነው። በዚያውም ላይ ግማሽ መዝገበ ቃላት ለፈላጊው አይረባም፤ የሚፈልገው ቃል ካልተጻፈው ወገን ቢሆን ምን ያደርጋል? ስለዚህ መፈጸሙ ግዴታ ነበር። የኰሎኝ ካቴድራልም እንዲሁ ነው። በ1248 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ሥራው ቆመ። ባልተፈጸመው ግንብ ጫፍ ላይ የእንጨት ማንሻው ብዙ መቶ ዓመት ቆሞ ይታይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጥንቱ ሠሪዎች የነደፉት የፊት ገጹ ሥዕል ተገኘና፥ በ1842 ዓ.ም. ሥራው እንደ ገና ተጀምሮ በ1880 ዓ.ም. ተፈጸመ። ከመነሻው እስከ ፍጻሜው 632 ዓመት ሆነ ማለት ነው። የቀደመው ሰው አሳቡን በወረቀት ካኖረ፥ የኋለኛው ሰው እጁን ያበድረዋል እንጂ አሳቡን አይቀማውም።

ሊፈጸም የማይቻል፥ ሆኖም ልብ የሚመስጥ ጅምር ደግሞ ባገራችን አለ። ከአክሱም በስተ ምዕራብ በጐበድራ ኰረብታ፥ የጥንት ሰዎች የሐውልት ድንጋይ የፈለጡበት ስፍራ ይታያል። በአለቱ ላይ ለመፍለጫ የተበሱት ጕድጓዶች በተርታ ተሰልፈው፥ ሠራተኛው ነገ ተመልሶ የሚመጣ ይመስል ቆይተዋል። በከተማው ውስጥም 33 ሜትር ርዝመት ያለው፥ ከ500 ቶን በላይ እንደሚመዝን የሚገመተው፥ የ13 ደርብ ቤት አምሳል የተቀረጸበት ታላቁ ሐውልት ተሰባብሮ ወድቋል። ብዙ ሊቃውንት ሲያቆሙት ሳለ ወይም ከቆመ በኋላ ሳይቈይ እንደ ወደቀ ያስባሉ። የቆመው ሐውልት የአክሱምን ክብር ይነግረናል፤ የወደቀውና የጐበድራው አለት ግን ድካማቸውንና ድፍረታቸውን ይነግሩናል። እንዲሁም በብዙ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ለቀይ ቀለም ወይም ለሥዕል ተብሎ የተተወ ባዶ ስፍራ እናገኛለን። የጻፈው ሰው ስሙ ባይታወቅም፥ ያ ባዶ ስፍራ ሊመለስ አስቦ ሳይመለስ የቀረ ሰው መኖሩን ይነግረናል።

ይህን ስንል፥ እንግዲያው ጀምሮ መተው መልካም ነው የሚል ሰነፍ እንዳይነሣብን እንሰጋለን። ሹበርትም ሚኬላንጀሎም ከጅምሮቻቸው በፊትና በኋላ እጅግ ብዙ የተፈጸመ ሥራ አላቸው። ያልተፈጸመውን እንድንወድላቸው ያደረገን የተፈጸመው ሥራቸው ምስክር ሆኗቸው ነው። አንድም ሥራ ሳይፈጽም ዐሥር የሚጀምር ሰው ግን ዐሥር ጅምር ሳይሆን ዐሥር ሰበብ ብቻ ያተርፋል። ሞት ያቋረጠውና ስንፍና ያቋረጠው ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላሉ፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ያንደኛው ስፌት እስከ መጨረሻዋ መርፌ የጠነከረ፥ የሁለተኛው ስፌት ከማለቁ በፊት የላላ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ በየቤቱ ላሉት እመቤቶችና አባወራዎች የሚጠቅመውን ምክር ከዚህ ሁሉ ምሳሌ እንሰብስብ።

አንደኛ፥ ከሟች ወገን የቀረ ጅምር ሲገኝ ማንም ሰው ቸኵሎ አይጣለው። የአባት ደብተር ከእኩሌታው ቢቆምም፥ እስከዚያ ድረስ የተጻፈው ስምና ዘመን ከሌላ ስፍራ የማይገኝ ሊሆን ይችላል። ከንባቡ በፊት ፍርድ አይቅደም።

ሁለተኛ፥ ሥራው መዝገበ ቃላትን ወይም ቤትን የሚመስል፥ ካልተፈጸመ የማይጠቅም እንደ ሆነ፥ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይፈጽመው። የትውልድ ዝርዝር ሳይሞላ የቀረ እንደ ሆነ፥ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው ይሞላ። ዛሬ የሚያውቀው ነገ አይገኝምና።

ሦስተኛ፥ ሥራው የልብ ሥራ፥ ይኸውም ግጥም፥ ዜማ፥ ሥዕል ወይም ጥልፍ እንደ ሆነ፥ ባለበት ይቆይ። የሴት አያት ጥልፍ አበባው ከሦስት ቅጠል ላይ ቢቆም፥ መርፌዋ እንደ ተሰካ በመስተዋት ተከድኖ ከግድግዳ ላይ ቢሰቀል የልጅ ልጆቿ እጇን ያዩበታል። ሌላ እጅ አራተኛውን ቅጠል ቢጨምርበት ግን ጥልፉ ይሞላ ይሆናል እንጂ አያታቸው ትጐድላለች።

አራተኛ፥ ለመፈጸም የግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ የቀደመው እጅ የቆመበት ስፍራ ምልክት ይደረግበት። በደብተሩ ላይ፥ እስከዚህ አባታችን ጻፉት፥ ከዚህ ወዲያ እኛ ልጆቻቸው ጨመርን ተብሎ ቀንና ስም ይጻፍበት። ይህ አንድ መስመር የሁለቱንም ክብር ይጠብቃል። በቀለም ቢያስመስሉ ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ዘመን ሲያልፍ ግን ሐሰቱ እውነቱን ጭምር ያስጠረጥራል።

አምስተኛ፥ ስለ ልጆች ነው። ልጅ ገና ያላለቀ ሥዕል ይዞ ወደ እናቱ ወይም ወደ አባቱ ሲመጣ፥ ሂድ ጨርሰህ አምጣ ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። የታዘዘውን ሥራ፥ ይኸውም ትምህርቱን፥ ቃል የገባበትንና ሰው የሚጠብቅበትን እንዲፈጽም ማስገደድ ይገባል፤ ይህ ዕዳን መክፈል የሚማርበት ነውና። በራሱ ፈቃድ የጀመረውን ጨዋታና ሥዕል ግን ከጅምሩ ተቀብሎ፥ ይህ እግሩ ነው? ይህስ ወንዙ ነው? ብሎ መጠየቅ መልካም ነው። ሥራው ከእጁ ሳይወጣ የተመለከተለት ሰው ያገኘ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይታዘዝ ተመልሶ ይፈጽመዋል።

አሁን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችንን እንስጥ። ሳይፈጸም የቀረ ሥራ እንደ ተፈጸመው ልብ ያጠግባልን? ያለው ክፍል በራሱ የቆመ እንደ ሆነ፥ ሠሪውም ያለ ስስት የደከመበት እንደ ሆነ፥ ለሌላ ሰውም ዕዳ ያልሆነ እንደ ሆነ፥ አዎን፥ ያጠግባል፤ አንዳንድ ጊዜም ከተፈጸመው ይልቅ ያጠግባል። ከነዚህ አንዱ የጐደለው እንደ ሆነ ግን ርኃብ ያነሣል እንጂ አያጠግብም። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ክፈቱና ያለውን ጅምር አውጥታችሁ ተመልከቱ። የናንተ የሆነውንና ሰው የሚጠብቅበትን ፈጽሙት። የሟች የሆነውን ግን ስሙን ጻፉበትና ለልጆቻችሁ አሳዩት።